የስልኩ አያ ይርዳው

ይህ ነገር የደረሰብን ባለፈው ጥር ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያው መንፈቅ ገና ሳይጠናቀቅ፣ ጎንደርንም በቅጡ ሳልለምዳት ነበር። ዛሬም ድረስ በማኅበራዊ ገጽ ላይ ከአንድ ሰው ስም ጎን ያቺን ትንሽ ሰማያዊ ራይት ባየሁ ቁጥር እጄ ሳላስበው ወደ ግንባሬ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ከታሪኩ ትረዱታላችሁ።

አያ ይርዳው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። አገር የሚያውቃቸው ግን በእርሻቸው ሳይሆን በምርቃታቸው ነው። ሠርግ ሲኖር፣ ልጅ ሲወለድ፣ የተጣላ ሲታረቅ እሳቸው ሳይመርቁ ሰው ከተቀመጠበት አይነሣም። በዘመዶቻችን ዘንድ አያ ይርዳው የመረቁት ትዳር አይፈርስም ይባላል። የፈረሰም አለ። እሱ ሲነሣ ግን "ያን ቀን እኮ ጉሮሯቸውን አሟቸው ነበር" ይባላል።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ምርቃታቸውን በስልክ እየቀረጽኩ፣ በስማቸው በከፈትኩት ገጽ ላይ አወጣ ነበር። ተመልካቹ ብዙ አልነበረም። አብዛኛው ዘመድ ነው፤ የቀረው ደግሞ ከዳባት የራቀ የአገር ልጅ ነው። አያ ይርዳው ራሳቸው ስለ ገጹ የሚያውቁት "ማስቱ በስልክ ታስቀምጠኛለች" የሚለውን ያህል ብቻ ነበር። ማስቱ እኔ ነኝ። ሙሉ ስሜ ማስተዋል ነው።

ነገሩ የተበላሸው፣ ማን እንደሆነ ያላወቅነው ሰው እነዚያኑ ቪዲዮዎች ወስዶ፣ ስማቸውንና ፎቷቸውን ለጥፎ፣ ሌላ ገጽ ሲከፍት ነው። የእሱ ገጽ ከእኛው እጅግ የበለጠ ተከታይ አገኘ። መጀመሪያ ምርቃቱን ብቻ ያወጣ ስለነበር ብዙም አልከፋንም። በኋላ ግን፣ ሰው እንዲበዛለት ነው መሰለኝ፣ የራሱን ቃል እየጻፈ በአያ ይርዳው ፎቶ ሥር ያወጣ ጀመር። በታኅሣሥ መጨረሻ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

"በዚህ ጥር የሚያገባ ሰው ትዳሩ አይሰምርም። ይህን አይቶ ለዘመድ ያላካፈለም እንዲሁ።"

ታላቅ እህቴ አበባ በዚያው ጥር ልታገባ ነበር።

ሙሽራው ደረጀ ከጎንደር አጠገብ ያለችው የፀዳ ከተማ ልጅ ነው። የሚሠራው ራቅ ያለ ቆላ ውስጥ ሲሆን ፈቃድ ያገኘው ለጥር ብቻ ነበር። ጥር ካለፈ ሠርጉ ለከርሞ መዋሉ ነው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ድንኳኑ ተነግሮ ሳለ እናቱ እትዬ ዘነቡ ጽሑፉን አዩት። እትዬ ዘነቡ የዚያ ገጽ ታማኝ ተከታይ ናቸው። ጠዋት ከጸሎታቸው ቀጥለው ስልካቸውን ይከፍቱና የአያ ይርዳውን ምርቃት አሜን እያሉ ይሰማሉ። ሽማግሌ በተላከ ጊዜ አጎቴ ለቅሶ ሄደው ስለነበር፣ ከሙሽራው ወገን በአካል ያያቸው አንድም ሰው አልነበረም።

እናቴ ደወለችልኝ። "አንቺ ለፀዳ ቅርብ ነሽ። ሂጂና ሴትዮዋን አስረጃቸው። አደራ፣ በትሕትና።"

ከትምህርት በኋላ በሚኒባስ ሄድኩ። እትዬ ዘነቡ በክብር ተቀበሉኝ። ቆሎ አቀረቡልኝና እስክጨርስ ሰሙኝ።

"ልጄ፣ አንቺን አላምንም ማለቴ አይደለም" አሉ። "ግን እሳቸው ጥር አይሰምርም ካሉ እኔ ምን አቅም አለኝ?"

"እሳቸው አላሉም እኮ፣ እትዬ። ገጹ የሳቸው አይደለም።"

"ምነው ታዲያ ሰዉ ሁሉ የሚከተለው እሱን ሆነ? የእናንተንም አይቼዋለሁ። ሰው የለበትም፤ ወና ቤት ነው።"

ወዲያው ለአያ ይርዳው ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ አገናኘኋቸው።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እመቤቴ። ይርዳው ነኝ" አሉ አጎቴ።

"የትኛው ይርዳው?" አሉ እትዬ ዘነቡ።

አጎቴ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟቸው የሚያውቅ አይመስለኝም።

"እኔ የማውቀው አንዱን ነው" አሉ በመጨረሻ።

እትዬ ዘነቡ ስልኩን መልሰው ሰጡኝና ውሳኔያቸውን ነገሩኝ። የጎረቤታቸው ልጅ እንዳስረዳቻቸው፣ የእውነተኛ ሰው ገጽ ከስሙ ጎን ሰማያዊ ራይት ይደረግበታል። ለጊዜው ሁለቱም ገጾች የላቸውም። "እንግዲህ ራይቱን ያገኘውን አምናለሁ" አሉ። "የእናንተው ካገኘ ሠርጉ በቀኑ ይሆናል። ካላገኘ ግን ልጄን በእርግማን ላይ አልድርም።"

"እናገኛለን፣ እትዬ" አልኩ። እንዴት እንደሚገኝ አላውቅም ነበር። ሰው ተጨንቆ ሳይ እሺ ማለት ልማዴ ነው።

ማታ አበባ ደወለች። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ማስቱ፣ ጸጉሬን ልሠራ ወይስ ልተወው?"

"ትንሽ ቆዪ" አልኳት።

የዶርም ጓደኛዬ እንደነገረችኝ ለራይቱ የሚያስፈልገው የመታወቂያ ፎቶና ባለቤቱ ፊቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞረ የሚቀረጸው አጭር ቪዲዮ ነው። ነገሩን አስቀድሜ ለአያ ይርዳው በስልክ ነግሬ፣ ቅዳሜ በጠዋት ወደ ዳባት ሄድኩ። ስደርስ አውድማው ላይ ጠበቁኝ፤ በመንደሩ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ነውና። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ብቻቸውን አልነበሩም። ሽማግሌዎች በአጠገባቸው በዕድሜ ተራ ተቀምጠዋል።

"እነማን ናቸው፣ አያ?"

"ምስክሮች ናቸዋ። ይርዳው ይርዳው መሆኑን የሚመሰክሩ።"

ምስክር እንደማያስፈልግ፣ ስልኩ የሚፈልገው የእሳቸውን ፊት ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዳሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ገላው ናቸው። ከአጎቴ ጋር በአንድ አውድማ ያደጉ፣ በመንደሩ ምላሳቸው የሚፈራ ሰው ናቸው።

"ይህ ምን ዓይነት ዳኛ ነው?" አሉ። "ሰው ለራሱ ሲመሰክር የት አገር ታይቷል? ሌባም እኮ ለራሱ ይመሰክራል። አልሰረቅሁም ይላል።"

በእኛ አገር ሰው ማንነቱ የሚታወቀው በሌላ ሰው አፍ ነው። የመሬት ወሰን ቢሆን፣ ጋብቻም ቢሆን፣ "እኔ እንዲህ ነኝ" ብሎ የሚነሣ ሰው እንደ ባለጌ ይቆጠራል።

"ራይት የምትይውስ ምኑ ነው?" አሉ ደግሞ።

"ገጹ የአያ ይርዳው መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከስሙ ጎን ይደረጋል። ሰማያዊ ነው።"

"እንግዲያው ማተብ ነዋ" አሉ። "ማተብን ታዲያ ለራሱ የሚያስር አለ? ይህ ገጽ የክርስትና አባት ያስፈልገዋል። እኔ እሆነዋለሁ።"

ሌሎቹም ተገቢ ነው አሉ። እኔም ታላላቆችን መጨቃጨቅ ስላልሆነልኝ ሥራውን ጀመርኩ። ስልኩ ላይ ክብ ነገር ወጣ። ፊት በክቡ ውስጥ መግባት አለበት። የአያ ይርዳው ፊት ሲገባ በስተቀኝ የአያ ገላው ጺም፣ በስተግራ የሌላው ሽማግሌ ጆሮ አብሮ ገባ። ስልኩ ቀይ ጽሑፍ አወጣ።

"ምን አለ?" አሉ አያ ይርዳው።

"ከአንድ ሰው በላይ አለ፤ ብቻዎን ይሁኑ ይላል።"

"ብቻውን የሚሆን ጅብ ነው" አሉ አያ ገላው። "እኔስ ምን ሆንሁ? ፊቴ ተጠላ?"

በብዙ ልመና ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። እንደገና ጀመርን። "አያ፣ አሁን ወደ ቀኝ ይዙሩ" አልኩ። አያ ይርዳው ወደ ቀኝ ዞሩና በመንገዱ ጊደር እየነዳ የሚያልፍ ጎረቤት አዩ። "እንደምን አደርህ? ላሚቱ ተሻላት?" አሉት። ጎረቤቱ ቆሞ ስለ ላሚቱ ሕመም ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራቸው ገባ። ስልኩ ጠብቆ ጠብቆ ተዘጋ። አጎቴን ወቀስኳቸው አልልም። ሰላምታ የማይመልስ አያ ይርዳው ቢቀረጽ ኖሮ እኔም እሳቸው መሆናቸውን እጠራጠር ነበር።

በሚቀጥለው ሙከራ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ወደ ቀኝ ዞሩ። ወደ ግራም ዞሩ። ቀና አሉ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው "ሸጋ ሆኗል፣ አያ" አልኳቸው። ይህን ማለት አልነበረብኝም። ያለቀ መሰላቸው።

"እንግዲህ እነዚህ የማያውቁኝ ሰዎች ለእኔ ደክመዋል" አሉና ሁለት እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ። "ሥራችሁን ያቅናላችሁ።"

"አሜን" አሉ ከኋላዬ ሽማግሌዎቹ።

"መብራታችሁ አይጥፋ። ኔትወርካችሁ አይቆረጥ።"

"አሜን።"

"ልጅ ይውጣላችሁ። እንትፍ፣ እንትፍ።"

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ዘንድ ምርቃት በቃል ብቻ አያልቅም። ሽማግሌው ሲጨርስ እንትፍ እንትፍ ብሎ ጤዛ የምታህል ምራቅ በተመራቂው ላይ ጣል ያደርጋል። ያለዚያ ምርቃቱ ዘር እንዳላገኘ እርሻ ይቆጠራል። የአያ ይርዳው ደግሞ ከጤዛ ትንሽ ይበልጣል። የስልኬ ካሜራ ርሶ "ምስሉ አልጠራም" የሚል ጽሑፍ መጣ። በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ፣ አፋቸውን እንዳይከፍቱ ለምኜ፣ እንደገና ቀረጽኩና ላክሁት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የጭንቅ ነበሩ። በክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስረዱ እኔ ስልኬን ከጠረጴዛ ሥር አያለሁ። አበባ ማታ ማታ ትደውላለች። ጸጉሯን ፈትታ ለብዙ ቀን በሻሽ አስራ እንደተቀመጠች እናቴ ነግራኛለች። "ምን አሉ?" ትላለች። "እያዩት ነው" እላታለሁ።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳለሁ መልሱ መጣ። እንግሊዝኛውን በሚገባ መረዳቴን ለማረጋገጥ ደግሜ አነበብኩት። ገጹ ሌላ ሰውን በማስመሰል የተከፈተ ሆኖ ስለተገኘ ተዘግቷል ይላል። የሐሰተኛውን ገጽ ከፈትኩ። ከአያ ይርዳው ስም ጎን ሰማያዊ ራይት ተቀምጣለች። ያ ሰው እንዴት አድርጎ እንዳገኛት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወደ ደጅ ወጥቼ ለአያ ይርዳው ደወልኩ። እንባዬ ቀድሞኝ ነበር።

"አያ፣ ገጻችን ተዘጋ። ሌላ ሰው እያስመሰሉ ነው አሉዎት።"

"ማንን አስመሰልሁ?"

"እርስዎን።"

"እኔን ነው ያስመሰልሁት?"

"አዎ፣ አያ።"

"ታዲያ ተመሳሰልሁ ወይስ አልተመሳሰልሁም?"

"አልተመሳሰሉም ነው የሚሉት። ሌላኛው ነው ትክክለኛው ብለዋል።"

በስልኩ ውስጥ አያ ገላው ከጎናቸው "ይኸው፣ ያለ ምስክር ሲሆን እንዲህ ነው" ሲሉ ተሰማኝ። አያ ይርዳው ግን አልተቆጡም። "ማስቱ፣ አታልቅሺ" አሉኝ። "ሴትዮዋ ቤት ጠዋት አሉ ወይስ ከሰዓት?"

በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳቸው። ሳይጠሩ የመጡት አያ ገላውም አብረው ወረዱ፤ ጋቢያቸውን በወጉ አጣፍተው ዱላቸውን ይዘዋል። በሚኒባስ ወደ ፀዳ ስንሄድ አዘዞ ላይ የተሳፈረች ሴት አጎቴን ትክ ብላ ታያቸው ጀመር።

"አባቴ፣ እርስዎ የስልኩ ሰውዬ ነዎት?"

"አይደለሁም" አሉ አያ ይርዳው። "እኔ የዳባቱ ነኝ።"

"ቁርጥ እሳቸውን ነው የሚመስሉ።"

"ይሉኛል" አሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

እትዬ ዘነቡ በሩን ሲከፍቱ ደነገጡ። ባለጌ አይደሉምና አስገቡን፤ ወንበርም አቀረቡ። ደረጀ በዚያው ቀን ከሥራ ቦታው ደርሶ ነበር፤ ሻንጣው ገና በሩ ጥግ እንደቆመ ነው። አጎቴን ሰላም ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እናቱ ስልካቸውን አምጥተው ከአያ ይርዳው ጉንጭ አጠገብ ያዙት። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ፊታቸውን እያዩ ብዙ ቆዩ።

"ይመሳሰላሉ" አሉ። "ውሸት ምን ያደርጋል፣ ይመሳሰላሉ። ግን የስልኩ ሰው ራይት አላቸው። እኒህ የላቸውም።"

"እማዬ" አለ ደረጀ።

"ዝም በል አንተ። ለአንተው ብዬ ነው።"

አያ ገላው የሚጠብቁት ሰዓት ደረሰላቸው። ተነሡና ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "እመቤቴ፣ እኔ ይህን ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አብረን ከብት ጠብቀናል፤ አብረን ጠምደናል። ይርዳው ራሱ ነው። ካስፈለገም እምላለሁ።"

እትዬ ዘነቡ በአክብሮት ሰሟቸው። "እሺ" አሉ። "እርስዎንስ ማን ያውቅዎታል?"

አያ ገላው ዙሪያቸውን አዩ። በፀዳ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም።

"ይርዳው ያውቀኛል" አሉ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ደረጀ ሳቁ እንዳያመልጠው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ለአበባ ምን ብዬ እንደምነግራት በልቤ ቃል እየመረጥኩ ነበር።

አያ ይርዳው ቀስ ብለው ተነሡ። "አላስቸግርሽም፣ እመቤቴ" አሉ። "ያላየሽውን ሰው አለማመንሽ ብልህነት ነው፤ አልተቀየምሁሽም። ግን ቤት የገባ ሽማግሌ ሳይመርቅ አይወጣም። እሱን ፍቀጂልኝና እሄዳለሁ።"

ምርቃት እምቢ የሚል ሰው የለም። እትዬ ዘነቡ ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ሁላችንም ቆመን እጃችንን ዘረጋን።

"ቤታችሁ ሙሉ ይሁን።"

"አሜን" አልን። የእትዬ ዘነቡ አሜን ገና ቀጭን ነበረች።

"የወጣው በሰላም ይግባ፤ የገባው ጠግቦ ይውጣ።"

"አሜን።"

"አፌ ያልተናገረውን ክፉ ነፋስ ይውሰደው።"

"አሜን።"

"ጥርን ያመጣ ጌታ የጥርን ሙሽራ አያሳፍር። ልጆቻችሁን በደጃችሁ ያሯሩጥላችሁ።"

"አሜን" አሉ እትዬ ዘነቡ፣ አሁን ከሁላችን ድምፅ በላይ።

አያ ይርዳው ወደ ፊት ጠጋ አሉ። "እንትፍ፣ እንትፍ።"

እትዬ ዘነቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ከግንባራቸው የተረፈው በያዙት ስልክ ላይ አርፎ፣ የስልኩ አያ ይርዳው ከነሰማያዊ ራይቱ ረጠበ። እሳቸውም ከእኛ ጋር እንደተመረቁ ይቆጠር።

እትዬ ዘነቡ ዓይናቸውን ገልጠው ግንባራቸውን በጣታቸው ነኩ። ጣታቸውን አዩት። ከዚያ ስልኩን አዩት። መቀመጫ ፈልገው ተቀመጡ።

"ያ ሰውዬ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲመርቀኝ" አሉ፣ "አንድ ቀን አርጥቦኝ አያውቅም።"

ግንባራቸውን ደግመው ዳሰሱ።

"ደረቅ ምርቃት ነው ለካ ስጠጣ የኖርሁት" አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንተ ምን ትገተራለህ? ድንኳን ለሚተክሉት ሰዎች ደውል እንጂ።"

"ምስክርነቴ ቀረ ማለት ነው?" አሉ አያ ገላው። ለዚህ ብለው ከዳባት ድረስ መጥተዋልና በጣም ቅር አላቸው። እትዬ ዘነቡ ይህን አይተው በሠርጉ ቀን ከአጎቴ ቀጥሎ ካለው ወንበር እንደሚያስቀምጧቸው ቃል ገቡላቸው።

እኔ ወደ ደጅ ወጥቼ ለአበባ ደወልኩ። እንደ ወትሮዋ "ምን አሉ?" አለችኝ።

"ጸጉርሽን ተሠሪ" አልኳት።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። አያ ይርዳው መረቁ፤ ከፊት የተቀመጡት እንግዶች ፊታቸውን በነጠላና በመሐረብ እየጠረጉ አሜን አሉ። አበባና ደረጀ ደኅና ናቸው።

ሐሰተኛው ገጽ አሁንም አለ፤ ራይቱም አብራው አለች። እትዬ ዘነቡ ግን እሱ ምርቃት ባወጣ ቁጥር ከሥሩ "ደረቅ ነው" ብለው ይጽፉበታል። ብዙ ሰዎች ምን ማለታቸው እንደሆነ ይጠይቋቸዋል። እሳቸውም ሳይሰለቹ ያስረዳሉ። አሁን አሁን ተከታዩ እየቀነሰ መጥቷል መሰለኝ።

ስለዚያ ሰሞን ሳስብ ያኔ ያስለቀሰኝ መልእክት ዛሬ ያስቀኛል። የማያውቁት ሰው በመጻፉ እንዲያ መጨነቄም ይገርመኛል። ፈተና ሲደርስ የዶርም ጓደኞቼ አያ ይርዳው በስልክ እንዲመርቋቸው ይለምኑኛል። እሳቸው ግን "ስትመጡ" እንጂ ሌላ አይሉም። እኔ ራሴ ለእረፍት ስሄድ ገና ከበሩ ግንባሬን አስቀድሜ ነው የምገባው።

በቅርቡ ደግሞ ያስገባሁት አቤቱታ መልስ አገኘ። የገጹ ሰዎች ጉዳዩን እንደገና ለማየት ፈቃደኞች እንደሆኑ፣ አያ ይርዳው ማንነታቸውን በጠራ ቪዲዮ እንዲያረጋግጡ ጻፉልኝ። ለአጎቴ ደውዬ ነገርኳቸው።

"እነሱ የት ነው የሚኖሩ?" አሉኝ።

"ሩቅ ነው፣ አያ። ባሕር ማዶ።"

"ንገሪያቸው" አሉ። "ማን መሆኔን ማወቅ ከፈለጉ ዳባት ወርደው የይርዳው ቤት የት ነው ይበሉ። የማያሳያቸው የለም። ግንባራቸውን ይዘው ይምጡ።"

መዝገበ ቃላት እያየሁ፣ በተቻለኝ ትሕትና ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ላክሁላቸው። እስካሁን አልመጡም።